የአዴ ዲንቄ ጫካ

አዴ ዲንቄ ማረፋቸውን የነገረችኝ አንዲት ቅቤ ነጋዴ ናት። ጊምቢ ገበያ መሐል አገኘችኝና ከነቀምት የመጣችበት አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ እንዴት እንደገፉት፣ ልጇ ለማን እንደተዳረች፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደበዛ በየተራ አወራችኝ። ልትሄድ ከተነሳች በኋላ መለስ ብላ «አዴ ዲንቄም እኮ ተቀበሩ» አለችኝ። ምን አገኛቸው ብላት፣ ምንም አላገኛቸውም፣ አርጅተው ነው አለች።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩን የጥቂት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩት። ምንሽ ናቸው ሲለኝ አክስቴ ናቸው አልኩት። የደብረ ብርሃን ልጅ ነቀምት ላይ አክስት ከየት እንዳመጣች አልመረመረኝም። አዴ ዲንቄ ይህን ቢሰሙ ግን ጊምቢ ድረስ መጥተው «አክስቷ አይደለሁም» ብለው አስተካክለው ይመለሱ ነበር። እንደዚያ ያሉ ሰው ነበሩ።

ያወቅኳቸው መምህርት ሆኜ ነቀምት በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ኦሮምኛ አልችልም፣ ዘመድ የለኝም፣ ቅዳሜ ሲመጣ የማደርገው ይጠፋኛል። አንድ ቅዳሜ ከባኬ ጃማ ሰፈር ተነስቼ በጉቴ መንገድ ስወርድ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ቀጠን ረዘም ያሉ አሮጊት የብሳና ቅጠል የሞላ ቅርጫት እግራቸው ሥር አኑረው መንገድ ዳር ቆመው አገኘሁ። ወዴት እንደምሄድ በአማርኛ ጠየቁኝ። የትም፣ እየተንሸራሸርኩ ነው አልኳቸው። መንሸራሸር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ያለ ጉዳይ፣ መንፈስን ለማደስ በእግር መሄድ እንደሆነ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«ሥራ የለሽም ማለት ነው» አሉና ቅርጫቱን አሸከሙኝ።

ከዚያ ወዲያ ከነቀምት እስክዛወር ድረስ ቅዳሜ ምን ላድርግ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከመንገዱ በታች ያለው ሸለቆ የባላቸው የባላምባራስ ጅሬኛ ነበር። ባላምባራስ በሕይወት ሳሉ እንግዳ እየጋበዙ የሚያድኑበት ጫካ ነው። በቤታቸው የጉሬዛ ቆዳ ያልተነጠፈበት ክፍል አልነበረም ይባላል። ሞቱና ዓመታቸው ሲወጣ፣ አዴ ዲንቄ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ከእንግዲህ በዚያ ጫካ ጥይት እንዳይተኮስ፣ ወጥመድም እንዳይጠመድ ጠየቁ። በምላሹ የወደቀ እንጨትና የጫካ ማር የሁሉም ይሆናል። ጎረቤት ተስማማ። ለባላቸው ነፍስ ንስሐ እየገቡ ነው ተባለ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። የለም፣ የጠመንጃ ድምፅ ራሳቸውን ስለሚያማቸው ነው አሉኝ። ሌላ ምክንያት ካለ አልነገሩኝም፤ ደግሜም አልጠየቅኩም።

የተጎዳ እንስሳ ማስታመሙ ኋላ የመጣ ነገር ነው። ክንዷ የተሰበረ አንዲት ጉሬዛ ግቢያቸው አጥር ላይ ተቀምጣ አልሄድ ብትል አስታመሟት። ወሬው ሲሰማ ውሻ የነከሰው ድኩላ፣ መኪና የገጨው ጃርት፣ ክንፉ የተሰበረ አሞራ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጣ ጀመር። ገበሬ ያመጣል፣ ተማሪ ያመጣል፤ አንድ ጊዜ የፖሊስ መቶ አለቃ እግሩ የቆሰለ ከርከሮ በጂፕ ጭኖ መጣ። የሚያግዛቸውም ሰው በፈቃዱ የመጣ ነው። ዛሬ ይህን የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሉታል፤ እኛ ያኔ ስም ስላልነበረን «አዴ ዘንድ ነኝ» እንል ነበር።

ከማንጠፋው አንዱ ይርዳው ነበር። ነቀምት ገበያ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል የጎጃም ሰው፣ ጾም የማይገድፍ፣ ጨዋ ልብስ ሰፊ ነው። ለምን እንደሚመጣ ስጠይቀው፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚናገር ሰው ሲለካ ስለሚከርም ቅዳሜን ከማይናገር ጋር መዋል እንደሚፈልግ ነገረኝ።

አዴ ዲንቄ ዘንድ ለእንስሳ ስም ማውጣት ክልክል ነው። መደባበስም ክልክል ነው። እንግዳ ናቸው፣ እንግዳ አይዳበስም ይሉ ነበር፤ ይበላል፣ ይድናል፣ ይሄዳል። ወፍ እንዲያውም ይፈሩ ነበር። የክንፍ ድምፅ ሲሰሙ ከተቀመጡበት ይነሳሉ። ሆኖም ክንፉ የተሰበረ አንድ ትልቅ ንስር ክረምቱን ሙሉ ፊታቸውን አዙረው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ሥጋ ያጎርሱት ነበር። ዐይናቸውን ስለሚጨፍኑ ብዙ ጊዜ ጣታቸውን ነክሷቸዋል። እኔ ላጉርስልዎ ብላቸው፣ የመጣው ወደ እኔ ነው ብለው እምቢ አሉኝ።

ሌላው አነጋገራቸው ነው። ሰውን፣ እኔንም፣ ይርዳውንም፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌዎችም በአንቺና በአንተ ነው የሚጠሩት። እንስሳን ግን አንቱ ይላሉ። በኦሮምኛ «ኮቱ» ማለት ና ወይም ነይ ነው፣ «ኮታ» ደግሞ ይምጡ። እኔን «ኮቱ» ይሉኛል፣ ድኩላውን «ኮታ»። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ አንቺን ለምጄሻለሁ፣ እሳቸውን ግን አላውቃቸውም አሉኝ። ኦሮምኛ የተማርኩት እዚያ ስለሆነ ዛሬም በአክብሮት አጣርቼ የምናገረው «አፍዎን ይክፈቱ» እና «እባክዎ አይንከሱኝ» የሚለውን ነው። ገበያ ላይ ብዙም አልጠቀመኝም።

ከጫካው ጋር የሚዋሰነው እርሻ የኦቦ ገለታ ነበር። ኦቦ ገለታ የአዴ ዲንቄ ጭሰኛ አልነበሩም። መሬቱ የአባታቸው ርስት ስለሆነ የፈለጉትን በፈለጉት ድምፅ ይናገሯቸዋል። እዚያ በደረስኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በቆሎው ገና እሸት መያዝ ሲጀምር ዝንጀሮ ከጫካው እየወጣ የእርሻውን ጠርዝ ይጨርስ ጀመር። ጥይት ሰምቶ የማያውቅ ዝንጀሮ ድፍረቱ ሌላ ነው። አንድ ጠዋት ኦቦ ገለታ ምንሽራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ግቢ ገቡ። ዝንጀሮዎችዎ የልጆቼን ቀለብ እየበሉ ነው፣ ከዛሬ በኋላ የምተኩሰው በማየው ሁሉ ላይ ነው አሉ። የመጡትም ሰዎች ስምምነቱ ይቅር እያሉ ያጉረመርሙ ነበር።

አዴ ዲንቄ ዝንጀሮዎቹ የእሳቸው እንዳልሆኑ፣ አዳራቸው ግን እሳቸው ዘንድ መሆኑን አመኑ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«እርሻህን እኔ እጠብቅልሃለሁ። ጎተራህ እንደ አምናው ከሞላ ስምምነቱ ይቀጥላል። ካልሞላ ጫካው ክፍት ነው፤ የፈለገ ይተኩስበት።»

ኦቦ ገለታ ሊስቁ ዳድቷቸው ነበር። የአዴ ዲንቄን ፊት ሲያዩ ተዉት። ጎረቤቱ ሁሉ ምስክር ሆኖ በቃሉ ተስማሙ።

እንግዲህ እንስሳ ልናስታምም የመጣነው ሰዎች ያን ሰሞን ሥራችን እንስሳ ማባረር ሆነ። እርሻው መሐል ማማ ተሠራ። አዴ ዲንቄ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥተው ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳሉ። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ እደርሳለሁ፣ ይርዳው ገበያ በሌለበት ቀን። በወንጭፍ መወርወር ተማርን። ያላሰብነው ነገር ግን ዝንጀሮ ሴትና ወንድ መለየቱ ነው። ወንድ ካየ ይሸሻል። ሴት ካየ ቁጭ ብሎ ያያታል። አንድ አውራ ዝንጀሮ ማማው ሥር ተቀምጦ በቆሎ እየፈለፈለ ሲበላ፣ አዴ ዲንቄ ከላይ ሆነው በኦሮምኛ «እባክዎ ይሂዱ» እያሉት በዐይኔ አይቻለሁ። በልቶ ሲጨርስ ሄደ።

በማግስቱ የባላምባራስን ሳጥን ከፈቱ። ካኪ ኮት፣ ሁለት ካኪ ሱሪና ባርኔጣ ወጣ። ይርዳው ለእሳቸው አጠበበላቸው፤ ለእኔም አንድ ሱሪ ተረፈኝ። ይርዳው ሲሰፋ ምንም አስተያየት አልሰጠም። ክር በቆረጠ ቁጥር ግን «ይቅር በለኝ» ይል ነበር።

የባላምባራስ ባልቴት በባላቸው ሱሪ ማማ ላይ መዋላቸው ከነቀምት እስከ ጉቴ ተሰማ። የገበያ ሰው መንገዱን አዙሮ በዚያ ያልፍ ጀመር። የነቀምቱ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ቢሮው ጠርቶኝ፣ እውነት ሱሪ ትለብሻለሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ዝንጀሮዎቹ ይሸሻሉ ወይ አለኝ። ይሸሻሉ አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ ለብሰሽው ትምህርት ቤት እንዳትመጪ ብሎ ሸኘኝ።

የአዴ ዲንቄ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደግሞ ማማው ሥር ድረስ መጡ። ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ በመጽሐፍ መጻፉን አነበቡላቸው። አዴ ዲንቄ ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ልክ ነው» አሉ። «ለዝንጀሮዎቹም ንገሩልኝ። ቀሚስ ካከበሩ ዛሬውኑ እቀይራለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከጫካው ማዶ በቆሎ ስለነበረው ነገሩ በዚያው አለፈ።

ኦቦ ገለታ መጀመሪያ ሰሞን ለመሳቅ ነበር የሚመጡት። ቀጥሎ የተጠበሰ እሸት ይዘው መምጣት ጀመሩ። ቆይተው ማማው ላይ ወጡና ዝንጀሮው በየት በኩል እንደሚወጣ ከአዴ ዲንቄ ጋር ይከራከሩ ጀመር። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዳቸው በወንጭፍ አንዳቸው በጅራፍ፣ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ቃል ተለዋውጠው ይውላሉ። ዝንጀሮው ተስፋ ቆረጠ። የበቆሎው ጢም እየጠቆረ ሄደ። እንደምናሸንፍ አልተጠራጠርንም ነበር።

አጨዳው ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በጉቴ በኩል ጠቆረና በረዶ ወረደ። አዴ ዲንቄን ይውረዱ ብንላቸው እምቢ አሉ። በበረዶ ዝንጀሮ አይወጣም ብለን ብንለምናቸው፣ እሱን የሚያውቀው ዝንጀሮው ነው አሉን። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪያባራ ተቀመጡ። ሲያባራ የእርሻው ግማሽ መሬት ላይ ተኝቷል። ከወደቀውም ብዙው ሻገተ። እህሉ ሲገባ የኦቦ ገለታ ጎተራ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ።

አዴ ዲንቄ ቀሚሳቸውን ለብሰው ኦቦ ገለታ ደጅ ሄዱ። አንገታቸውን ጎተራው ውስጥ አስገብተው አዩና ተሸነፍኩ አሉ። ኦቦ ገለታ ያጠፋው በረዶ ነው እንጂ ዝንጀሮ አይደለም አሏቸው። አዴ ዲንቄ ዝንጀሮ የሚል ቃል እንዳልወጣቸው፣ ጎተራው ከሞላ ብቻ እንዳሉ አስታወሷቸው። ለጎረቤቱ ሁሉ ከነገ ጀምሮ ጫካው ክፍት ነው ብለው ላኩ። እኔና ይርዳው መንገዱን ሙሉ ለመንናቸው። ሰው ሁሉ በረዶውን አይቷል፣ ማንም አይፈርድብዎትም አልናቸው።

«ይህ ጫካ አጥር የለውም» አሉን። «የሚጠብቀው ቃል ነው። እኔ ቃሌን ካጠፍኩ ነገ ሌላው ሲያጥፍ ምን እለዋለሁ?»

በማግስቱ ጠዋት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከነውሾቻቸው ጫካው ዳር ተሰበሰቡ። አንዳንዶቹ የማውቃቸው ነበሩ፤ ድኩላ ይዘው ወደ እኛ የመጡ። ሽማግሌዎቹም የሚሆነውን ለማየት መጥተዋል። አዴ ዲንቄ ግቢያቸው በር ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ለጫካው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወትፈዋል። ይርዳው አጠገባቸው ቆሞ መቀሱን ኪሱ ውስጥ ያንኳኳል። እኔ እንባዬን እንዳያዩብኝ የቅጠል ቅርጫቱን አነሳሁና የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

ኦቦ ገለታ ዘግይተው መጡ። አዴ ዲንቄ ፊት ቆመው ተናገሩ። አዴ ዲንቄ አልሰሟቸውም። ኦቦ ገለታ ጆሯቸውን በጣታቸው አሳዩ። አዴ ዲንቄ አንዱን ጥጥ አወጡ።

«ጎተራዬ ሞልቷል» አሉ ኦቦ ገለታ፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው።

«አልሞላም። ትናንት አይቼዋለሁ።»

«ሞልቷል።»

«ውሸት ነው።»

«ጎተራው የእኔ ነው» አሉ ኦቦ ገለታ። «ውሸቱም የእኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ፈንጠር ብለው ተመካከሩ። ነገሩን እንደ ቀላል አላዩትም። ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው ተመለሱና፣ ቃሉ የተሰጠው ለኦቦ ገለታ መሆኑን፣ ጎተራ መሙላት አለመሙላቱን የሚናገረው ባለቤቱ መሆኑን፣ ባለቤቱ ሞላ ካለ ጎረቤት አንገቱን አስገብቶ የማየት መብት እንደሌለው ወሰኑ። አዴ ዲንቄ ይግባኝ እላለሁ አሉ። ይግባኝ የሚባልበት የለም ተባሉ። ሰዎቹ ውሾቻቸውን እየሳቡ ወደየቤታቸው ሄዱ።

አዴ ዲንቄ ተቆጥተው ለብዙ ጊዜ ኦቦ ገለታን አላናገሩም። ኦቦ ገለታ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። ውሃ ይቀዳሉ፣ ጉረኖ ይጠርጋሉ። አዴ ዲንቄ የሚፈልጉትን በእኔ በኩል ያስነግሩ ነበር፤ ያን ውሸታም ጉረኖውን በደንብ እንዲጠርግ ንገሪው ይሉኛል፣ ኦቦ ገለታም ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆነው እስክነግራቸው ይጠብቃሉ።

ክረምቱ ሲገባ የኦቦ ገለታ ቤት እህል እያለቀ መሆኑን ሁላችንም አወቅን። ልጆቻቸው ከስተው ነበር። ኦቦ ገለታ ግን እርዳታ መቀበል አይችሉም፤ በሽማግሌ ውሳኔ ጎተራቸው ሙሉ ነው። አንድ ጠዋት አዴ ዲንቄ ጠሩኝ። የተጫነች አህያ አጠገባቸው ቆማለች። ገለታን፣ ለእንግዶቹ የሚሆን በቆሎ ገዝቼ ማስቀመጫ አጥቻለሁ፣ ቤትህ ይቀመጥልኝ፣ ስፈልገው አስመጣዋለሁ፣ አይጥ እንዳይበላብህ እያገላበጥክ ተመልከተው በይው አሉኝ። ይህን ሲሉ እኔን ሳይሆን አህያዋን ነበር የሚያዩት።

ያን ጊዜ ከነበሩት እንግዶቻችን መካከል በቆሎ የሚበላ አልነበረም። ጉሬዛዋ ቅጠል ትበላለች፣ ድኩላው ሣር፣ አሞራው ሥጋ። አዴ ዲንቄን ካወቅኳቸው ጊዜ ጀምሮ ከአፋቸው የሰማሁት ብቸኛ ውሸት ያ ነው። መልእክቱን ለኦቦ ገለታ ቃል በቃል አደረስኩ። ኦቦ ገለታ ጭነቱን ከአህያዋ አወረዱ። ከዚያ አይጥ እንዳይበላው እጠነቀቃለሁ በይልኝ አሉ። በቆሎውን ማንም መልሶ አልጠየቃቸውም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አዴ ዲንቄ ከጉረኖው ሆነው «ኮታ» ብለው ተጣሩ። ኦቦ ገለታ የትኛው እንስሳ እንደተጠራ ለማየት ዞር ዞር አሉ። ከእሳቸው በስተቀር ማንም አልነበረም።

ወደ ጊምቢ የተዛወርኩ ጊዜ ልሰናበታቸው ሄድኩ። ቅዳሜ ቅጠል ማን ይቆርጣል አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እሺ አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ደጁን አልፌ መንገዱ ላይ ስወጣ ግን ከኋላዬ እየመጡ ነበር። መንሸራሸር ያልሽው እንዲህ ነው ወይ ብለው እስከ ከተማው መግቢያ አብረውኝ ተራመዱ።

ለለቅሶ ስደርስ ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ ነበር። ይርዳው ሽበት አብቅሏል። አጠገቡ አስቀመጠኝና የቀብሩን ነገር ነገረኝ። ሰባኪው የኖኅን መርከብ እያነሳ፣ አዴ ዲንቄ እንስሳትን ከልባቸው ይወዱ እንደነበር ሲናገር፣ ከኋላ የቆሙት ኦቦ ገለታ «አይወዱም ነበር» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። ኦቦ ገለታ «ይጠብቋቸው ነበር» ብለው ጨመሩ። ሰባኪው መጽሐፉን ጥቂት ተመለከተ፤ ከዚያ ይጠብቋቸው ነበር ብሎ ቀጠለ።

ዳሱ ውስጥ ሰዎች ጉሬዛዎቹ ሳይቀሩ አዝነዋል፣ ከዛፍ አልወረዱም እያሉ ያወሩ ነበር። ወጣ ብዬ አየሁ። ዋንዛው ላይ ተቀምጠው ቅጠል ይበላሉ። ጉሬዛ ድሮም ከዛፍ ብዙ አይወርድም።

ኦቦ ገለታ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። አርጅተዋል፤ በትር ይዘዋል። ውሻ እናቷን የገደለባት የድኩላ ግልገል ጉረኖ ውስጥ እንዳለች፣ ከእሳቸው እጅ ወተት አልቀበል እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ተከትያቸው ሄድኩ። ጭድ ላይ ተንበርክኬ ጣቴን ወተት ውስጥ እየነከርኩ አፏ ላይ አደረግኩላት። ፊቷን አዞረች። ደግሜ፣ ደግሜ ሞከርኩ። ክንዴ መዛል ሲጀምር ጣቴን ጎርሳ መጥባት ጀመረች። ኦቦ ገለታ ሳህኑን ዘንበል አድርገው ያዙልኝ። ጠጥታ ስትጨርስ እግሯ ተንቀጠቀጠና የለቅሶ ነጠላዬ ላይ ሸናችብኝ።

ነጠላዬን አራግፌ ልነሳ ስል ኦቦ ገለታ በበትራቸው ወደ ቀጣዩ ጉረኖ አመለከቱኝ።

«ኋላ ታጥቢዋለሽ» አሉኝ። «ጃርቱ ገና አልበሉም።»